ሐሙስ የሚሄደው ጀልባ

ሚስጥር ላፕቶፑን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝታ ሁለቱን ጀልባዎች ጎን ለጎን አሳየቻቸው። አንደኛው ነጭና ሹል ነው፤ ፎቶው ላይ ግማሽ አካሉ ከውሃው ወጥቶ አየር ላይ ተንሳፍፏል። ሌላኛው ሰማያዊ ቀለሙ የተላላጠ፣ መኪናም ሲሚንቶም የሚጭን፣ ሆደ ሰፊ ጀልባ ነው። ሁለቱም ካሪቢያን ውስጥ ከአንድ ትልቅ ደሴት ወደ አንዲት ትንሽ ደሴት ያሻግራሉ። ትንሿ ደሴት ላይ አውሮፕላን ማረፊያ የለም። የሚስጥርና የፊልሞን ሰርግ ደግሞ እዚያ ነው።

«ፈጣኑ አርብ ጠዋት ይነሳል» አለች ሚስጥር። «አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። ግን ይዘላል። ሪቪው የጻፈው ሰው ሁሉ አስመለሰኝ ነው የሚለው። ገና ስትገቢ ከረጢት ይሰጡሻል።»

«የምን ከረጢት?» አሉ እናቷ ወይዘሮ ታደለች።

«የምታስመልሺበት።»

«ኢየሱስ!»

ወንድሟ ዕዝራ ሳቀ። «አሪፍ ሰርቪስ ነው ባክሽ።»

«ቀስታው ሐሙስ ብቻ ነው ያለው። ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ ግን አይነቃነቅም፤ ሽማግሌም ሕፃንም በሱ ነው የሚሄደው። እሱን ከመረጥን ሁላችንም ቀደም ብለን ከዚህ መውጣት አለብን። ከሥራ ተጨማሪ ቀን መጠየቅ አለ፤ ሆቴሉም ይቀየራል።»

ሁሉም ወደ ስክሪኑ አዩ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የሚስጥር አፓርታማ ሳሎን ጠባብ ስለሆነ አራቱ ጉልበት ለጉልበት ሊነካኩ ምንም አልቀራቸውም። ፊልሞን ከሚስጥር አጠገብ ምንጣፉ ላይ ነበር። ወይዘሮ ታደለች ሶፋው ላይ፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ሊሄድ እንደተነሳ ሰው ጫፉ ላይ ተቀምጠዋል። ሁልጊዜም የሚቀመጡት እንደዚያ ነው።

ወይዘሮ ታደለች ውሃ ይፈራሉ። ከሚኖሩበት አሌክሳንድሪያ ወደ ልጃቸው ቤት ሲመጡ ወንዝ በሚያሻግረው የዊልሰን ድልድይ ላይ ዓይናቸውን ይጨፍኑና ዕዝራ «አለፍን እማ» እስኪላቸው ድረስ አይገልጡም። ይህን ሚስጥር ታውቃለች። ሌላም የምታውቀው ነገር አለ። እናቷ የሚፈልጉትን ነገር ሁሉ መጀመሪያ እምቢ ይላሉ፣ ከዚያ ይለመናሉ። እንዲህ ያለ ሰው ብርቅ አይደለም፤ እርቧቸው «አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» የሚሉ እናቶች በየቤቱ አሉ። ወይዘሮ ታደለች ግን የተካኑ ናቸው። ሚስጥር ከፋርማሲ ትምህርት ቤት ስትመረቅ «ፈረንጅ መሃል ተጎልቼ ምን ልሠራ» ብለው ቤት ቀሩ፤ ልጅቷ ጋውኗን ለብሳ ፓርኪንግ ውስጥ ቆማ በስልክ ስትለምን ስሟ ተጠርቶ አለፈ። የፊልሞን ሽማግሌዎች የመጡ ቀን ደግሞ መኝታ ቤታቸው ገብተው ቆለፉ። ሽማግሌዎቹ ሳሎን ሆነው እየሰሙ ሚስጥር በሩ ሥር ተንበርክካ ለመነች። ፊልሞን ከዚህ በፊት አግብቶ የፈታ ነው። ወይዘሮ ታደለች ስሙን ጠርተው አያውቁም፤ «ሰውዬሽ» ነው የሚሉት።

አሁንም ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጆቼ፣ ለእኔ ብላችሁማ አትንገላቱ። ሥራችሁን አትበድሉ። በፈጣኑ ሂዱ። እኔ ምን ይሠራልኛል፣ ሮጬ አልጨፍር። እቀራለሁ።»

ይህን ብለው ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉና ጠበቁ። የሚመጣውን ያውቁታል። ሚስጥር «እማዬ በሞቴ» ትላለች። ዕዝራ «እኔ በቀስታው አብሬሽ እሄዳለሁ፣ እነሱ አርብ ይምጡ» ይላል። እሳቸው አንዴ ሁለቴ እምቢ ይላሉ፤ በመጨረሻ «እንግዲህ ካላችሁ» ብለው ይረታሉ። ዕዝራ በእርግጥም አፉን ከፍቶ ነበር። እህቱ ዞራ አየችው፤ ዘጋው።

«ኦኬ እማ» አለች ሚስጥር። «እንዳልሽ።»

ጣቷ ኪቦርዱ ላይ ሄደ መጣ። ቴሌቪዥኑ ላይ አረንጓዴ ምልክት ወጣ።

«ቡክ አደረግኩ። ሪፈንድ የለውም፣ አለቀ። ሻይ ልጨምርልሽ?»

ወይዘሮ ታደለች ሻይ አልፈልግም አሉ። ያኔም አልተለመኑም።

እንግዶቹ ሲወጡ ፊልሞን ስኒዎቹን እየሰበሰበ፣ «የእናትሽንም ወንበር ቡክ አድርገሻል እኮ። አይቼዋለሁ» አላት።

«አድርጌያለሁ።»

«ታዲያ ምናለ ብትነግሪያት?»

«ትጠይቀኝ። አንድ ጊዜ በአፏ ‹ሚስጥር ውሰጂኝ› ትበለኝ። ያኔ ወንበሩ የሷ ነው። ዕድሜ ልኬን እኔ ጠይቄያለሁ።»

«በፈጣኑ? ውሃ የምትፈራውን ሴትዮ?»

«ከፈለገች ትመጣለች።»

ፊልሞን ስኒዎቹን ማጠብ ጀመረ።

*

ወይዘሮ ታደለች ስልክ እስኪደወል ጠበቁ። ልጃቸው ሁሌም ትደውላለች፤ ይህኛውንም ሳምንት ደወለች። ስለ ቀሚሷ አወራች፣ ስለ አበባው አወራች፣ «ጉልበትሽ እንዴት ነው እማ?» አለች። ስለ ጀልባው ግን ትንፍሽ አላለችም። ወይዘሮ ታደለች «ማዕበሉ አያስፈራም?» ብለው በር ከፈቱላት። «ለኛ ምንም አይልም፣ አንቺ ብቻ አትጨነቂ» ብላ መልሳ ዘጋችው።

ቁም ሳጥናቸው ውስጥ ለሰርጉ ያሰፉት ውሃ ሰማያዊ የሐበሻ ቀሚስ ተሰቅሏል። ማታ ማታ በሩን እየከፈቱ ያዩታል። በመጨረሻ ወደ አቶ አያሌው ደወሉ።

አቶ አያሌው አሌክሳንድሪያ ባለችው ቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸው፤ በዚህ ከተማ የተጣላ ባልና ሚስት ሳያስታርቁ ያደሩበት ቀን የለም። ሚስጥር የምትሠራበት ፋርማሲ ዊተን ነው። እዚያ ድረስ ነድተው መጡና መስኮቱ ላይ ቆሙ።

«ጋሼ አያሌው! ደህና ነዎት? የግፊት መድኃኒትዎ አለቀ እንዴ?»

«መድኃኒቱስ አለ። እኔ የመጣሁት በሌላ ግፊት ነው።» በራሳቸው ቀልድ ሳቁና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስሚ የኔ ልጅ። እናትሽ አኩርፋለች።»

«በምን?»

«ሰርጉ ላይ አልሄድም ብላለች አሉ።»

«አዎ፣ ነግራናለች። እቀራለሁ አለችን።»

«ታዲያ ለምኛታ!»

ሚስጥር የቆጠረቻቸውን ክኒኖች ጠርሙሱ ውስጥ ገልብጣ ክዳኑን ገጠመች።

«ጋሼ፣ እናቴ ስትዋሽ ያውቃሉ?»

«ኧረ! ታደለች? ጌታ ምስክሬ ነው፣ ውሸት የሚባል አታውቅም።»

«እኔም እንደዚያ ነው የማውቃት። እቀራለሁ ካለች ትቀራለች ማለት ነው። ቃሏን አከበርኩ እንጂ ምን በደልኩ?»

አቶ አያሌው ስንት ጠብ ሲያበርዱ እንዲህ ያለ አልገጠማቸውም። በዳይም ተበዳይም ትክክል ነው። ከኋላቸው ተራ የያዘች ሴት ጉሮሮዋን ጠረገች። «እንግዲህ... ጌታ ይርዳችሁ» አሉና ወጡ። ወደ ወይዘሮ ታደለች ሲደውሉ ልጅቷ ሥራ በዝቶባት አላናገረችኝም አሉ። ውሸት ነበር።

*

ቀጥሎ በመጣው እሑድ ከአምልኮ ሲወጡ ወይዘሮ ታደለች ዕዝራን ወንዝ ዳር ወዳለው ኦልድ ታውን ውሰደኝ አሉት።

«ምን ልትሠሪ?»

«ያ ወንዙ ላይ የሚሄደው ታክሲ... እሱ ላይ ልውጣ።»

ዕዝራ የሚያሾፉ መስሎት ነበር። ፖቶማክ ዳር ያለው መሳፈሪያ ላይ ሲደርሱ ግን እጁን አጥብቀው ይዘው መወጣጫው ላይ ረገጡ። ጀልባው ገና ሳይነሳ «በኢየሱስ ስም» ማለት ጀመሩ። ሲነሳ ደግሞ ጥፍራቸውን ክንዱ ላይ ቀበሩት። ከጎናቸው አይስክሬም የምትበላ ሕፃን ፈርታ ወደ እናቷ ተጠጋች።

«እማ፣ ይበቃል። መመለሻው ላይ በኡበር እንሂድ።»

«ዝም በል። ፎቶ አንሳኝ።»

«አሁን?»

«ውሃው እንዲታይ አድርገህ አንሳኝ።»

ዓይናቸውን ገልጠው ጥርሳቸውን አሳዩ። ዕዝራ አነሳቸው። ፎቶው ላይ አንዲት ነጠላ የለበሱ ሴት ጥርስ ሐኪም ፊት እንደተቀመጠ ሰው ይስቃሉ፤ ከኋላቸው ሰፊ ቡናማ ወንዝ አለ። የቤተሰቡ ግሩፕ ላይ ራሳቸው ላኩት። ምንም አልጻፉበትም። መጻፍ አያስፈልግም፤ ያየ ሁሉ ይገባዋል።

ሚስጥርም ገባት። ፎቶውን አስፍታ የእናቷን ጣቶች አየች፤ የዕዝራን እጅጌ ጨምድደው ይዘዋል። ለፊልሞን አሳየችው።

«በቃ እኮ፣ ይሄ መጠየቅ ነው» አላት። «ከዚህ በላይ ምን ትሁን?»

ሚስጥር ጥቂት አሰበች። ከዚያ ቀይ ልብ መርጣ፣ «ዋው እማ ቆንጆ! ኢንጆይ!» ብላ መለሰች።

ወይዘሮ ታደለች ዕዝራን «ኢንጆይ ምንድነው?» አሉት።

«ተዝናኚ ማለት ነው።»

ስልኩን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። መመለሻውንም በጀልባ ተመለሱ፤ ዓይናቸውን ግን አልገለጡም።

*

ሊጓዙ አንድ ቀን ሲቀራቸው ወይዘሮ ታደለች ከዕዝራ ጋር ሲልቨር ስፕሪንግ መጡ። ሻንጣዎቹ ሳሎኑ መሃል ተከፍተዋል። ካፖርታቸውን አላወለቁም። «አሽጋችሁ ጨረሳችሁ?» አሉ። «ጫማውን ለብቻ ነው የምታደርጉት?» አሉ። «እዚያ ይሞቃል አሉ፣ እውነት ነው?» ሚስጥር ለሁሉም በትሕትና መለሰች፤ እያንዳንዷ መልስ አጭር ነበረች። ልብስ እያጠፈች ፊቷን ቀና ሳታደርግ ትጠብቃለች።

ወይዘሮ ታደለች ልጃቸውን አዩ። ከዚያ ፊታቸውን አዞሩ።

«ፊልሞን» አሉ።

ፊልሞን የያዘው ሸሚዝ ከእጁ ወደቀ።

«ፊልሞን ልጄ፣ እኔንም ውሰዱኝ። በፈጣኑም ቢሆን። ከረጢቱን እይዛለሁ፣ ማንንም አላስቸግርም።»

«እማማ!» ፊልሞን ተነስቶ እጃቸውን ሳመ። «ኧረ እንዴታ! ምን ጥያቄ አለው!» እየሳቀ ወደ ሚስጥር ዞረ።

ሚስጥር ያጠፈችውን ልብስ ዘርግታ እንደገና ማጠፍ ጀመረች።

«ፈጣኑ ሞልቷል፣ እማ።»

ፊልሞን መሳቁን አላቆመም ነበር፤ ፊቱ ላይ ያለው ሳቅ ለትንሽ ጊዜ እንደዚያው ቀረ። ወንበሩ እንዳለ ያውቃል። መናገር ይችል ነበር። ግን አንዴ ሚስት ፈትቷል፤ ሁለተኛዋን ከሰርጉ በፊት ማጣት አልፈለገም። ጎንበስ ብሎ ሸሚዙን አነሳ።

«ቀስታውስ?» አለ ዕዝራ።

«ሐሙስ ነው። ነገ እኮ ነው። በየት ይደርሳል?»

«ተዉት፣ ተዉት» አሉ ወይዘሮ ታደለች። «እንዲያው ለወጉ ብዬ ነው እንጂ እኔማ ምን ይሠራልኛል።» ሁለቱንም ጉንጫቸውን እያገላበጡ ሳሙ፤ «ጌታ ይከተላችሁ፣ ውለዱ ክበዱ» አሉ። ደረጃውን ሲወርዱ ዕዝራ ክንዳቸውን ሊይዝ ሞከረ፤ አስለቀቁት።

በሩ ሲዘጋ ፊልሞን፣ «ጠየቀች» አለ። «በአፏ።»

«አንተን ነው የጠየቀችው።»

«ምን ለውጥ አለው?»

ሚስጥር ላፕቶፑን ከፈተችና የእናቷን ስም አጥፍታ በምትኩ የሜካፕ ሠሪዋን የሂዊን ስም ጻፈች። ሂዊ ከመጀመሪያውም መምጣት ትፈልግ ነበር። ስልክ ሲደወልላት ከደስታዋ ብዛት ጮኸች።

*

አርብ ጠዋት ዕዝራ ለእናቱ ቪዲዮ ላከላቸው። ሲቀርጸው ለእናቱ የሚያደርግላቸው ሌላ ነገር አልታየውም ነበር። ባሕሩ እንደ ትሪ ዝርግ ብሏል፤ ጀልባው ንክች አይልም። ያልተነኩ ከረጢቶች ወንበሮቹ ኪስ ውስጥ እንደታጠፉ ናቸው። መስኮቱ አጠገብ ሂዊ ተቀምጣ ከንፈሯን ትቀባለች፤ እጇ እንኳ አልሳተም። ሚስጥር ወደ ካሜራው ዞራ እጇን አውለበለበች። ፀሐይ ዓይኗ ውስጥ ስለገባ ፊቷ የተኮሳተረ ይመስላል።

ወይዘሮ ታደለች ቪዲዮውን ደጋግመው አዩት። ስልኩ ሲጮህ እጃቸው ላይ ነበር። መዓዛ ናት፣ ከጸሎት ቡድናቸው።

«እንኳን ደስ ያለሽ የሙሽራ እናት! እኔ እኮ ሄደሻል ብዬ... ቤት ነሽ እንዴ?»

«ቤት ነኝ።»

«ምነው?»

«ጀልባ ነው የሚሄዱት እኮ፣ መዓዚ። ማዕበሉ አይጣል ነው አሉ። ሰው ሁሉ ያስመልሳል። እኔ በዚህ ዕድሜዬ?»

«እና ዝም ብለው ጥለውሽ ሄዱ?»

ወይዘሮ ታደለች ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ወደ ኋላ ተደገፉ።

«ጥለውኝማ አይሄዱም! ለመኑኝ። ሚስጥር እግሬ ላይ ወድቃ፣ ‹ያላንቺ ሰርግ አይደለም› ብላ፣ እንባዋ ጫማዬን እስኪያረጥበው ለመነችኝ። ሰውዬዋም... ፊልሞንም ለመነኝ። ሽማግሌ ሁሉ ላኩብኝ፣ አቶ አያሌውን ጠይቂ። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት።»

«ውይ ታደለች!» አለች መዓዛ። «ልጅሽ እንደዚያ እየለመነችሽ? ምን ዓይነት ጨካኝ ሴት ነሽ!»