ሲጎድል የምትጮኸው

አስቻለው ሌላ ሴት ባሰበ ቁጥር ከአኳሪየሙ አንድ ጣት ውሃ ይጎድላል። እሱ ይህን አያውቅም። ትነት ነው ይልና ከጄሪካን ቀድቶ ይሞላል፤ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎም ምሳውን ይቀጥላል።

አኳሪየሙን የሰጠው ሱቁን የዘጋ ደንበኛው ነበር፤ ከነአምስቱ ብርቱካንማ ዓሣዎች። አስቻለው የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጠጋኝ ነው። ኮንዶሚኒየሙ ውሃ የሚያገኘው በፈረቃ፣ ማክሰኞና ዓርብ ብቻ ስለሆነ ዓሣዎቹ እንዳይደርቁበት ሰጋና ተንሳፋፊ ገጠመላቸው። ተንሳፋፊዋ እንቁላል የምታክል ነጭ ፕላስቲክ ናት። በቀጭን ዘንግ ላይ ከውሃው ጋር ከፍ ዝቅ ትላለች። ውሃው ሲወርድ አብራ ወርዳ ሽቦውን ታገናኛለች፤ ያኔ በሩ ላይ የተሰቀለው ማንቂያ ይጮኻል። ጩኸቱ የጭነት መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ የሚያሰማው ነው። ሌላ ማንቂያ አላገኘም።

ሚስቱ እማዋይሽ የዘጠኝ ወር ልጃቸውን ሜላትን አዝላ ቤት ትውላለች። ብዙ አታወራም፤ ታያለች። አስቻለው ለምሳ ሲገባ መጀመሪያ የአኳሪየሙን መስታወት በጥፍሩ ሁለቴ ይመታል። ዓሣዎቹ ሲሰበሰቡለት ፈገግ ይላል። «እንዴት ዋላችሁ» የሚለው ከዚያ በኋላ ነው። በዓሣ መቅናት ለሰው የሚነገር ስላልመሰላት ለማንም አልተናገረችም።

ውሃውን ግን መከታተል ጀመረች። መስታወቱ ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም መስመር አሰመረች። ስለ እናቱ ሲያወራ ውሃው ከመስመሩ ንቅንቅ አላለም። ስለ እህቱ ጠየቀችው፤ እንደዚያው። አንድ ጠዋት ሸሚዙን እየቆለፈ በመስኮት ቁልቁል ሲመለከት ተንሳፋፊዋ ወረደችና ማንቂያው ጮኸ። እማዋይሽ ሄዳ በመስኮቱ አየች። ከታች የታጠበ ልብስ የምታሰጣ ጎረቤታቸው ትርንጎ ብቻ ነበረች።

ምሳ ላይ ወጡን እያወጣች፣ «ትርንጎ ፀጉሯን ተቆረጠች» አለችው።

«እንዴ» አለ አስቻለው።

ማንቂያው ጮኸ።

«ይሄ ትነት ደግሞ አበዛው» ብሎ ጄሪካኑን ሊያመጣ ተነሳ።

ትርንጎ ልብስ ሰፊ ናት፤ ከእነሱ ሥር፣ ሁለተኛ ወለል ላይ ብቻዋን ትኖራለች። እማዋይሽ ወንፊት ልዋስ ብላ ወረደች። ትርንጎ ወንፊቱን አቀብላት መሄዷን ጠበቀች። እማዋይሽ አልሄደችም።

«የሜላት እናት፣ ዓይንሽ ቡፌዬ ላይ ነው» አለቻት።

የቡፌው የታችኛው ክፍል ከመስታወቱ ኋላ ውሃ ይዟል። ውሃው ሁለተኛው መደርደሪያ ድረስ ቆሟል፤ ብርጭቆዎቹና የእንግዳ ሳህኖቹ እንደተደረደሩ ውስጡ ናቸው። በበሮቹ መጋጠሚያ አንዲት ጠብታ አትወጣም። ትርንጎ ነገሩ ከጀመረ ሦስት ሳምንት እንደሆነው ነገረቻት። ለኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ አመልክታ ነበር። ኮሚቴው መጥቶ አየ፤ ውሃው ንጹሕ መሆኑን ጽፎ፣ ፈርሞ ሄደ። ከዚያ በኋላ፣ በፈረቃ ሰፈር የመጣ ውሃ አይመለስም ብላ ተወችው።

«ውሃው እኮ አይደለም» አለች እማዋይሽ። «ባሌ ነው፤ በጣት በጣት እያለቀብኝ ያለው።»

የአኳሪየሙን ነገር ስትነግራት፣ ትርንጎ ደረጃ ላይ ሰላም ከማለት በቀር ምንም ብላው እንደማታውቅ ማለች። እማዋይሽ አመነቻት። ማመኗ ቅናቱን አልቀነሰላትም። ምንም ሳትል ይህን ያህል ከመጣላት፣ ብትናገር ኖሮ ስንት መደርደሪያ ሊሞላ ነበር?

በማግስቱ አስቻለውን ለውሃ በርሜላቸው ሁለተኛ ተንሳፋፊ እንዲሠራላት ጠየቀችው። ደስ ብሎት ሠራላት።

«ገልብጠሽ ካስገባሻት ሲሞላ ትጮኻለች» አላት። «ካቀናሻት ሲጎድል። ያው እሷው ናት።»

እማዋይሽ ገልብጣ፣ በትርንጎ ቡፌ ውስጥ ከላይኛው መደርደሪያ ሥር ገጠመቻት። ከዚያ ስታስብበት የቆየችውን ተናገረች። ውሃው የሚመጣው ለሴትዮዋ ይሁን ለቤቱ አልታወቀም። ቤት እንለዋወጥ፤ እኔ እዚህ ልቀመጥና ለእኔ ይምጣ።

ትርንጎ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ ጥቂት አሰበች። «ሦስተኛ ወለል ፀሐይ አለው» አለች። «ልብሴ ይደርቅልኛል።»

ኮሚቴው የቤት ቁጥር ለውጥ ቅጽ አስሞላቸው። አስቻለው ለምሳ ሲገባ መስታወቱን ሁለቴ መታ። ዞር ሲል ትርንጎ የስፌት መኪናዋን መስኮቱ ሥር ስታስተካክል አየ። ሚስቱ የት እንዳለች ጠየቃት፤ ታች ናት አለችው። እሺ ብሎ በላ። ይህን ሁሉ ትርንጎ ማታ ማታ በመስኮት ቁልቁል ለእማዋይሽ ትነግራታለች፤ የት እንደተኛ፣ ምን እንደበላ፣ ለትርንጎ አልጋውን ለቆ ሶፋው ላይ እንዳደረ።

ሦስት ቀን ከላይ ምንም አልጮኸም። ማንቂያው ሲጮህ ትቀና የነበረችው እማዋይሽ፣ ዝም ሲል ባሰባት። አጠገቡ የሚፈልጋት ካለች ምን ያስባል? ሜላትን አዝላ ቡፌው ፊት ተቀምጣ ውሃውን ስታይ ትውላለች። ውሃው ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ ቆሟል። የትርንጎ ድርሻ ነው፤ የእሷ ገና አንድ ጣት አልመጣም።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ከላይ የጭነት መኪናው ጩኸት ተሰማ። እማዋይሽ ቡፌው ላይ አፈጠጠች። ውሃው አንድ ጣት ከፍ አለ።

ፊቷን ታጠበች። ለበዓል ብቻ የምትለብሰውን ቀሚስ ለበሰች። ከሰዓት እንደገና ጮኸ፤ በማግስቱ አምስት ጊዜ። ውሃው ሦስተኛውን መደርደሪያ አለፈ፤ የቡና ሲኒዎቹን ዋጠ። ማንም እንዲህ አስቧት አያውቅም ነበር፤ ልጅቷን በጀርባዋ እያወዛወዘች ታንጎራጉር ጀመር።

ዓርብ ውሃ በፈረቃው አልመጣም። ከላይ ያለው ማንቂያ ከረፋዱ ጀምሮ ሳያቋርጥ ጮኸ።

«አይሞላውም እንዴ?» ብላ በመስኮት ጠየቀች።

«ሥራም አልሄደ፤ ጄሪካኑ እግሩ ሥር ነው» አለች ትርንጎ። «አላነሳውም። ዝም ብሎ ሲጎድል ያያል። ሚስቴ በልጅነቷ ምን ትመስል ነበር ይለኛል፤ እኔ ምን አውቃለሁ።»

እማዋይሽ ደስታዋን ላለማሳየት ከመስኮቱ ራቅ አለች።

ስድስት ሰዓት ላይ ትርንጎ ራሷ ጠራቻት።

«የሜላት እናት፣ አኳሪየሙ ደርቋል። ዓሣዎቹም የሉም።»

«አስቻለውስ?»

«ምሳውን ጀምሮ ነበር። ሸሚዙ ወንበሩ ላይ አለ፤ ቁልፎቹ እንደተቆለፉ ናቸው።»

ያን ጊዜ ከኋላዋ የቡፌው ተንሳፋፊ ጮኸች።

እማዋይሽ ዞረች። ውሃው እስከ ላይኛው መደርደሪያ ሥር ሞልቷል። አምስቱ ዓሣዎች በሳህኖቹ መካከል ይመላለሳሉ። ከእነሱ ኋላ አስቻለው ጉልበቱን አጥፎ፣ ትከሻው የቡፌውን ጎን ነክቶ ተቀምጧል። ፀጉሩ ወደ ላይ ቆሟል። እሷን ብቻ ነበር የሚያየው፤ ደግሞ ፈገግ ብሏል።

የላይኛውን በር ከፈተች። ውሃ አልፈሰሰም። እጇን አስገብታ ተንሳፋፊዋን ከዘንጉ አወጣች፤ አቅንታ መለሰቻት። ጩኸቱ ቆመ። በሩን ዘጋች። የጥፍር ቀለሟን ከቀሚሷ ኪስ አውጥታ፣ መስታወቱ ላይ ከፀጉሩ በላይ ቀጭን ቀይ መስመር አሰመረች። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ከውስጥ፣ መስታወቱ በጥፍር ሁለቴ ተመታ። ሜላት ከጀርባዋ ላይ ሳቀች።