የእምቢተኛው ካባ

ሸማ ተራ ውስጥ ጋሼ ዘመድኩንን በስማቸው የሚጠራቸው ሰው ጥቂት ነው። ፊት ለፊት «ጋሼ» ይባላሉ፤ ዞር ሲሉ «ጠርጥር» ናቸው። «ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር» የሚለውን ተረት ራሳቸው ያወጡት ይመስል ከአፋቸው አይለይም። ነጠላ ሲረከቡ ጥለቱን በጥፍራቸው ይፍቁታል፤ ጋቢ ሲረከቡ ወደ ፀሐይ ዘርግተው ያዩታል። ለዓመታት የሚያውቁት ሸማኔ ቆም ብሎ ጤና ይስጥልኝ ካላቸው፣ ገና ጀርባውን ሳያዞር «ምን ፈልጎ ነው?» ብለው ይጠይቁኛል።

እኔ ሱቃቸው በር ላይ የስፌት መኪናዬን አኑሬ ካባና ቀሚስ እሰፋለሁ። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አላሳለፍኩም። ብዙ ማውራትም አይሆንልኝም፤ ሰው በዛ ካለ ፊቴ ይግላል። እሳቸው ይህን ነገሬን ይወዱታል። «የማያወራ ሰው አይዋሽም» ይላሉ፤ ቆይተው ደግሞ «ወይም የሚደብቀው አለው» ይላሉ።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን ጠዋት እጅጌዋ ላይ የጠመኔ ብናኝ ያለባት ወጣት ሴት መጣች። መምህርት መቅደስ እባላለሁ አለች።

«ሰባት ካባ ልናሰፋ ነው። ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን ሲያከብር ለቁም ነገር የበቁ የቀድሞ ተማሪዎቹን ካባ ያለብሳል።»

«የትኛው ትምህርት ቤት?» አሉ ጋሼ።

«ከራጉኤል ዝቅ ብሎ ያለው። እርስዎ የተማሩበት።»

ጋሼ ሜትሩን ባንኮው ላይ አስቀመጡት። «እኔ የት እንደተማርኩ አንቺ በምን አወቅሽ?»

መምህርቷ ሳቀች። «ከሰባቱ አንዱ እርስዎ ስለሆኑ ነዋ! እንኳን ደስ አለዎት።»

እኔ ከመኪናዬ ቀና አልኩ። ጋሼ ግን ደስ የተሰኙ አይመስሉም ነበር። አንድ ሰው ኪሳቸውን እንደዳበሰ ሁሉ ወደ ኋላ ሸሸት አሉ።

«ሌሎቹ እነማን ናቸው?»

«አንዱ የልብ ሐኪም ነው፣ አንዷ ዳኛ ናት፣ አውሮፕላን አብራሪም አለ...»

«እኔስ?»

«እርስዎ ነጋዴ ነዎት።»

«መርካቶ ላይ ነጋዴ ጠፍቶ ነው?»

«ምክንያቱ የሚነበበው በዕለቱ ነው፤ ለሁሉም እንደዚያው ነው።»

«እንዴ! ክሱን ሳይነግሩ ፍርድ ቤት ቅረብ ይባላል?»

መምህርቷ አሁንም ሳቀች፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ካባውን በነፃ ልታሰፉኝ ነው? አሉ። እንከፍላለን አለች። መዋጮ አለው? አሉ። የለውም አለች። ፎቶዬን ባነር ላይ ልትሰቅሉ ነው? አሉ። ካልፈለጉ አንሰቅልም አለች። መልሷ ሁሉ ቀና በሆነ ቁጥር የእሳቸው ግንባር ይበልጥ ይኮማተራል። ጋሼን የሚያስፈራቸው ምንም የማይፈልግ ሰው ነው።

በመጨረሻ «በይ ልጄ፣ እኔ ይቅርብኝ» አሉ። «ከእኔ የሚሻል አይጠፋም።»

ይህን እዚህ ሰፈር ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እንግዳ «ጠግቤአለሁ» ሲል ማዕድ አይነሳም፤ «በሞቴ» ይባላል፣ ይለመናል። ጋሼ እየተግደረደሩ ነበር። ሁለተኛውን ልመና እየጠበቁ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ቆሙ።

መምህርቷ ግን ብዙ የምትደርስበት ቦታ ነበራት። «ካሉማ ፈቃድዎን እናከብራለን» አለች። «እንግዲያው ስድስት ይሁን።» የስድስቱን ሰዎች ልክ ሰጥታኝ፣ የጋሼን እጅ ጨብጣ ወጣች።

ጋሼ በሩን እያዩ ቀሩ።

«ሄደች?»

«ሄደች።»

«እንዲያው ዝም ብላ? አንዴ እንኳ በሞቴ ሳትል?»

ወደ ስፌቴ ተመለስኩ።

«አየህ፣ ሲጀመርም ፉገራ ነበር» አሉ። «እውነት ቢሆን ትለምነኝ ነበር።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሴት በበሩ ባለፈች ቁጥር አንገታቸውን ያሰግጋሉ። ስልካቸው ሲጠራ ቶሎ ያነሱና «ማነው?» ይላሉ፤ ደላላ ሲሆን ድምፃቸው ይቀዘቅዛል። መቼም ባለቤታቸው እትዬ ለተብርሃን የነገሩኝን አልረሳውም፤ ምሳ ይዘው መጥተው «ምን ነክቶት ነው? ማታ ማታ የአሥረኛ ክፍል ፎቶውን እያወጣ ያያል» አሉኝ። ያን ጊዜ ነው ሽልማቱን ምን ያህል እንደፈለጉት የገባኝ።

የካባውን ከፋይ ጨርቅ ልቆርጥ ስዘረጋ ጋሼ አጠገቤ መጡ።

«ሰባት ቁረጥ።»

«ስድስት ነው ያሉት፣ ጋሼ።»

«አንዱ በካውያ ቢቃጠልስ? ሰው አይታመንም።»

«ሰባተኛው በማን ልክ ይሁን?»

ጣሪያውን አዩ። «በማንም። እንዲያው ለልክ ያህል... በእኔ አድርገው።» ክንዳቸውን ዘርግተው፣ አገጫቸውን ቀና አድርገው ቆሙ። አንገታቸውንና ቁመታቸውን ስለካ ነገሩ እሳቸውን የማይመለከት ይመስል ስለ ክር መወደድ ያወሩኝ ነበር።

ጥቂት ቆይቶ ሌላ ጥርጣሬ መጣ። ከሱቃችን ፊት ለፊት ጋሼ ኸይረዲን አሉ፤ እሳቸውም ሸማ ይሸጣሉ። ሁለቱ በልጅነታቸው አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጡ ነበር ይባላል። እኔ ከመጣሁ ወዲህ ግን ሰላምታቸው አንገት ከመነቅነቅ አያልፍም። አንድ ቀን ከሰዓት መምህርት መቅደስ መጥታ ከጋሼ ኸይረዲን ጋር ሻይ ስትጠጣ አየናት። ጋሼ ኸይረዲን በእጃቸው እያሳዩ፣ ወደ እኛ ሱቅ እየጠቆሙ ያወራሉ፤ እሷ በትኩረት ትሰማለች።

«አየህ?» አሉ ጋሼ ከጋቢዎቹ ክምር ጀርባ ሆነው። «ቦታዬን ማን እንደወሰደው አየህ? ይሄ የጩሉሌ፣ የአጭበርባሪ ሥራ ነው!»

«ምናልባት ነጠላ ልትገዛ ይሆናል።»

«ለነጠላ ሻይ ይጠጣል? ከቃጠሎው ጊዜ ጀምሮ ቂም ይዞብኛል። መድረክ ላይ አውጥተው ሊስቁብኝ ነበር፤ አልወጣም ስላቸው እሱ በቦታዬ ሊወጣ ነው።»

ስለ ቃጠሎው የማውቀው ጥቂት ነው፤ ከእኔ በፊት የሆነ ነገር ነው። ከኋላችን ያለው ተራ ተቃጥሎ የእኛ ሱቅ እንደተረፈ ሰምቻለሁ። ቂሙ ምን እንደሆነ ግን አልጠየቅኩም፤ ብጠይቅ «ማን ጠይቅ አለህ?» እንደምባል አውቃለሁ።

መምህርቷ ስትሄድ ጋሼ ኸይረዲን መንገዱን ተሻግረው መጡ።

«ዘሜ፣ እምቢ አልክ አሉ።»

«ታዲያስ?»

«ለምን?»

«አንተስ ለምን ጠየቅህ?»

«ያ አላህ! ሰው ለምን ብሎ መጠየቅም አይችልም? በል ቅዳሜ ሱፍህን ልበስና ና። ለመቀመጥ እንኳ ና።»

«እመጣ እንደሆነ እመጣለሁ። አትምጣ ያለኝ የለም።»

ጋሼ ኸይረዲን ወደ እኔ ዞሩ። «ጎበዜ፣ ይሄን ሰውዬ እንዴት ቻልከው? ጥላውንም እኮ መታወቂያ ይጠይቀዋል!» ብለው እየሳቁ ተመለሱ።

ጋሼ ዘመድኩን ጀርባቸውን እያዩ «ተሸልሞ እንዳየው ነው የሚጠራኝ» አሉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው «በዓይንህ ለካው እስቲ። ከስድስቱ ለእሱ የሚሆን አለ?» አሉኝ።

«አንዱ ረጅም ነው...»

«ያ ነው!»

ቅዳሜ ጠዋት ካባዎቹን ላደርስ ስል ጋሼ ሰማያዊ ሱፋቸውን ለብሰው ደረሱ። «መንገድ ላይ እንዳይቀየሩ ልጠብቅ ብዬ ነው» አሉ። ሰባተኛውን ለብቻው በነጠላ ጠቅልዬ እንድይዘው አዘዙኝ። «ለምናልባቱ» አሉ።

የትምህርት ቤቱ ግቢ ድንኳን ተጥሎበታል፤ ተማሪው በጠራራው ተኮልኩሏል። ስድስቱን ለመምህርት መቅደስ አስረከብኩና መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጥን። ጋሼ ኸይረዲን የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ናቸው፤ ሱፍ ለብሰዋል።

«አላልኩህም?» አሉኝ ጋሼ በክርናቸው ነክተው።

ዳይሬክተሩ አቶ ኪዳነወልድ ስም መጥራት ጀመሩ። ሐኪሙ ወጣ፤ ዳኛዋ ወጣች፤ ሌሎቹም ተከተሉ። የሰፋሁት ነገር ትከሻ ላይ ሲያርፍ ጠርዙ ተጣሞ እንደሆነ አያለሁ። ጋሼ የሚያዩት ግን ሌላ ነው። ረጅሙን ካባ አብራሪው ለበሰው።

«ረጅሙን ወሰደው?»

«ወሰደው።»

«ታዲያ ለኸይረዲን ምን ቀረ?» ጥቂት አሰቡ። ከዚያ ዓይናቸው ጉልበቴ ላይ ያለው ጥቅል ላይ ወደቀ። «የእኔን ሊያለብሱት ነው!» ብለው እጃቸውን ጥቅሉ ላይ ጫኑ።

ስድስቱ አለቁ። አቶ ኪዳነወልድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሰባተኛ የመረጥናቸው ሰው ሽልማቱን አልቀበልም ብለዋል። ፈቃዳቸውን እናከብራለን። የመረጥንበትን ምክንያት ግን ልጆቻችን ሊሰሙት ይገባል። የጠቆሙንን ሰው እጋብዛለሁ።»

ጋሼ ኸይረዲን ተነስተው ማይኩን ያዙ። የጋሼ እጅ ጥቅሉ ላይ ጠበቀ። «አሁን ጉዴ ፈላ» አሉ።

«እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ንግግር አላውቅም» አሉ ጋሼ ኸይረዲን። «ሸማ ተራ ጀርባው፣ ያኔ የእኔም ሱቅ የነበረበት፣ ሲቃጠል ሰው ዕቃውን እየጎተተ ያወጣል፤ ግን የት ይጣለው? ተሸካሚ መስሎ የሚያነሳው ሁሉ በዚያው ይሰወራል። የዘመድኩን ሱቅ አልተነካም፤ ሁላችንም ጭነታችንን እዚያ ወረወርን። እሱ በሩ ላይ ቆመ። በማግስቱ ዕቃዬን ልወስድ ስሄድ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹ጥቅልህ በምን ታሰረ? ከላይ ያለው ነጠላ ጥለቱ ምን ዓይነት ነው?› አለኝ። እኔን! እዚሁ ትምህርት ቤት አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጬ ያስኮረጅኩትን!»

ተማሪው በሳቅ ፈነዳ። «አስኮርጄዋለሁ፤ ዳይሬክተራችን ይቅር ይበሉኝ።» ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁ።

«ሰደብኩት። ዕቃዬን ይዤ ሄድኩ፤ አኮረፍኩትም። በቅርቡ ነው ከተራው ዘበኛ እውነቱን የሰማሁት። ያን ቀን ከእኔ በፊት አንድ ሰውዬ መጥቶ ‹ኸይረዲን ልኮኝ ነው› ብሎት ነበር። ስሜን ያውቃል፣ የሚስቴን ስም ያውቃል። የጥለቱን ቀለም ግን አያውቅም። ዘመድኩን አባረረው። ለእኔ ግን አንድ ቀን አልነገረኝም፤ ሰድቤው እንኳ አልነገረኝም። ከዚያ ሁሉ ሰው ዕቃ አንድ ነጠላ አልጎደለም። እሱ ማንንም አያምንም። እኛ ግን አደራ ያለብን ጊዜ ሁላችንም ወደ እሱ ነው የምንሮጠው። ይኸው ነው።»

ወደ ጋሼ ዞር አልኩ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

«ምን ብዬ ልንገረው?» አሉ ለራሳቸው። «ሌባው ወዳጁ ቢሆንስ ብዬ እኮ ነው።»

አቶ ኪዳነወልድ ማይኩን መልሰው ተቀበሉ። «በዚህ ዕለት ካባ ብናለብሳቸው ደስታችን ነበር። እምቢ ስላሉ ግን አላዘጋጀንም። እንግዲህ ወደሚቀጥለው...»

«ካባውማ አለ!»

ድንኳኑ በሙሉ ወደ ኋላ ዞረ። ጋሼ ዘመድኩን ቆመዋል።

«ማነው እምቢ ያለው? እኔ ይቅርብኝ ነው ያልኩት! አንዴ ትለምኚኛለሽ ብዬ እኮ ነው፣ አንቺ ልጅ! ሰው ይቅርብኝ ሲል ትቶት ይኬዳል?»

መምህርት መቅደስ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እየሳቀች ይሁን እያፈረች አላወቅኩም።

«ፈልጌው ነበር» አሉ ጋሼ፤ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ጎበዜ፣ አውጣው።»

ጥቅሉን ይዤ ተነሳሁ። ያ ሁሉ ዓይን እኔ ላይ ሲያርፍ ፊቴ ነደደ፤ መሬት መሬቱን እያየሁ ጋሼን ተከትዬ መድረኩ ድረስ ሄድኩ። ነጠላውን ፈትቼ ካባውን ለጋሼ ኸይረዲን አቀበልኩ። እሳቸውም በጋሼ ትከሻ ላይ ጣል አደረጉት። አንገቱም ቁመቱም ልክክ አለ።

ጋሼ ኸይረዲን ማይኩን ሳያርቁ «አጃኢብ! በልኩ የተሰፋ ይመስላል እኮ» አሉ።

«ለልክ ያህል ነው» አሉ ጋሼ ዘመድኩን።

ግቢው በጭብጨባና በሳቅ ተናወጠ። ጋሼ እጅ እየነሱ፣ በጎን በኩል የካባውን ጠርዝ በጥፍራቸው ሲፍቁ አየኋቸው። ገበሩን ገልበጥ አድርገው አዩና ወደ እኔ ዞረው ቀስ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። አልተቀየረም ማለታቸው ነው።

ፎቶ ተነስተን ስንወጣ ጋሼ ኸይረዲን በሩ ላይ ጠበቁን።

«ዘሜ፣ ና ሻይ እንጠጣ።»

«ይቅርብኝ» አሉ ጋሼ፣ እንደ ልማዳቸው።

ጋሼ ኸይረዲን ትከሻቸውን ነቅንቀው ዞር ሲሉ ጋሼ ዘመድኩን ደንግጠው እጅጌያቸውን ያዙ።

«በል እሺ! እሺ ብያለሁ፤ እንዳትሄድ።»