ልጄን ቅጡልኝ

«እማማ፣ እኔ እዚህ ብሞት ማነው የሚቀብረኝ?»

ራሕማ ይህን ጥያቄ ያን ጠዋት የሰማችው ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ነበር። ጠያቂው በግቢዋ አንዱን ክፍል ተከራይቶ የሚኖረው ሕንዳዊው የሒሳብ መምህር፣ ሚስተር ኩሪያን ነበር። ደጃፉ ላይ ቆሞ ፂሙን እየተላጨ፣ ስለ ዝናቡ እንደሚያወራ ሰው ቀለል አድርጎ ነበር የጠየቃት። እሷ ግን የያዘችውን ጀሪካን መሬት አስቀመጠችና «ምን ሟርት ነው በጠዋቱ!» ብላ ተቆጣችው።

ሚስተር ኩሪያን ሳቀ። ትናንት የደመወዝ ቀን ነበር። ቢሻው የሚባለው የሥራ ባልደረባው «አንተማ ምን አለብህ፤ ለጡረታ የሚቆረጠው ከእኛ ብቻ ነው» ብሎ እንደቀለደበት ነገራት። የውጭ አገር ሰው ስለሆነ ሕጉ አይመለከተውም። ወደ መካነ ሰላም ከተማ ከመምጣቱ በፊት በሌሎች አገሮች አስተምሯል፤ እዚያም አልቆረጡበትም። በገዛ አገሩም ስላልነበረ እዚያም የተጠራቀመለት የለም። ፀጉሩ ግን በሄደበት ሁሉ እየነጣ መጥቷል።

«ሁሉም ቦታ እንግዳ ነህ አሉኝ» አለ፣ አረፋውን ከጉንጩ እየጠረገ። «ጥሩ እንግዳ። ማንም አይነካኝም።»

ራሕማ ጀሪካኑን እዚያው ትታ ወደ ቤት ገባች። ልጇ ፈይዛ ሻንጣዋን ከፍታ ልብስ ታጣጥፋለች። ፈይዛ ስምንት ዓመት የአንደኛ ደረጃ መምህርት ሆና ሠርታለች፤ አሁን ዓረብ አገር፣ ሙስካት ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ሕፃናት እንድታስተምር ተቀብሏታል። ሥራውን ያገኘላት ደላላ ከሁሉ አብልጦ ያሞገሰው አንድ ነገር ነበር፦ «ለውጭ አገር መምህር ጡረታ የሚባል አይቆረጥም። የሠራሽውን ሙሉውን ትወስጃለሽ።» ራሕማም ያኔ እንደ ምሥራች ሰምታ «አልሐምዱሊላህ» ብላ ነበር። አሁን በዚያች ምስጋናዋ ተጸጸተች።

«በሥራ አሥር ዓመት ሊሞላሽ ሁለት ነው የቀረሽ» አለቻት።

«ደግሞ ጀመርሽ፣ እማ?»

«ሳይሞላ ከተውሽው የጡረታ መብቱ ይቀራል ያልሽኝ ራስሽ ነሽ። እዚያ ደግሞ አይጀመርልሽም። ስታረጂ የማን ነሽ?»

«ያንቺ።»

«እኔ ያኔ አፈር ሆኛለሁ!»

ፈይዛ የያዘችውን ቀሚስ ጣለችው። «አባባ ዕድሜ ልካቸውን ልጆችን ቁርአን ሲያስቀሩ፣ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ነበራቸው?»

«አባትሽ ያስቀሯቸው ልጆች አልጋቸው ሥር እያደሩ አስታመሟቸው። ያንቺ የሙስካት ሕፃናት ይመጣሉ?»

ፈይዛ የጣለችውን ቀሚስ አነሣች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ወር ሳይጋመስ ከሱቅ በዱቤ የምበላ መምህር ነኝ፣ እማ» አለች። «ዛሬ እየራበኝ በእርጅናዬ አታስፈራሪኝ።»

ራሕማ ጀሪካኗን ልታነሣ ወደ ግቢው ተመለሰች። ልጇ እውነቷን ነበር፤ ያም ንዴቷን አባሰው።

ከቀትር በኋላ የሠፈሩ የቀብር ዕድር፣ ቅሬው፣ እንደ ልማዱ ከጥዱ ሥር ተሰበሰበ። በዚህ ቅሬ እስላሙም ክርስቲያኑም አብሮ ይቀብራል፤ ወንዱ ይቆፍራል፣ ቃሬዛ ይሸከማል፤ ሴቷ ውሃና እንጨት ታደርሳለች። ከቀብር የቀረ ይቀጣል። የቅሬው ዳኛ አቶ አበጋዝ ራሳቸው የልጃቸውን ሠርግ ሲደግሱ ከአንድ ቀብር ቀርተው ተቀጥተዋል፤ የከፈሉትም እየተሳደቡ ነበር።

የፈይዛ ጉዳይ ሲደርስ አቶ አበጋዝ ከበርጩማቸው ብድግ አሉ።

«ፈይዛ የሼኽ ጠልሐ ልጅ ናት። ባሕር ተሻግራ ሳለ ከቀብር ቀረች ብለን ብንቀጣት ነውር ነው። ምረናታል። አላህ በሰላም ያግባት።»

«አሚን!» አለ ሕዝቡ። ፈይዛ አንገቷን ደፋች። ሁሉም የእናትየውን ምርቃት ለመስማት ወደ ራሕማ ዞረ።

ራሕማ ተነሣች። «ቅጡልኝ» አለች።

አቶ አበጋዝ ጆሯቸውን አዘነበሉ። «ምን አሉ፣ እትዬ ራሕማ?»

«ልጄን ቅጡልኝ። ሰው በሞተ ቁጥር ቀረች ብላችሁ ጻፉባት። አትማሯት!»

የቅሬው ጸሐፊ ያው መምህሩ ቢሻው ነበር። «እንዴ፣ እትዬ! የአንድ ለአምስት ስብሰባ ላይ እንኳ ቅጣት የሚለምን ሰው አላየሁም» አለ። ሰዉ ሳቀ።

«አንተ ዝም በል! ትናንት ያንን ሽማግሌ ምን አለብህ ያልከው አንተ አይደለህም? እስቲ ንገረኝ፣ ምን አለው? ነገ ቢወድቅ የቱ ቅሬ ነው የሚያነሣው? ይህን ሁሉ ዘመን ልጆቻችሁን ሲያስተምር፣ አንድ ቀን ከቀብር ቀረህ ብላችሁ ተቆጥታችሁታል?»

«እንግዳ ነው ብለን ነዋ…» አለ ቢሻው።

«እንግዳ ነው ብላችሁ! ልጄንም እዚያ እንግዳ ናት ይሏታል። እዚያም ይምሯታል፣ እዚህም ትምሯታላችሁ። ወላሂ ሰው የሚጠፋው እንዲህ ነው፤ ተመርቆ፣ ተመስግኖ፣ የሚቆጣው አጥቶ!»

ድምፅዋ ተሰበረ። በመሰበሩም ተናደደች። ፈይዛ የእናቷን ቀሚስ ጫፍ ይዛ «በቃሽ እማ፣ ሰው ፊት» አለቻት በሹክሹክታ፤ ራሕማ ቀሚሷን መንጭቃ አስለቀቀቻት።

አቶ አበጋዝ ከዘራቸውን አፈሩ ላይ እየቆረቆሩ ቆዩ። «ቅሬ ውሃና እንጨት የሚያደርስ እጅ ይፈልጋል» አሉ በመጨረሻ።

«እጇ እኔ ነኝ። የእኔን ውሃ አድርሼ ተመልሼ የእሷን አመጣለሁ። ከቀብር የቀረችበትን ግን ራሷ ትክፈል። ለመክፈልም ደውላ ማን እንደሞተ ትጠይቅ።»

የሳቀ አልነበረም። «ጻፍ» አሉ አቶ አበጋዝ። «ፈይዛ ጠልሐ፣ ትቀጣለች።»

ራሕማ የጎልማሶች ትምህርት ከጀመረች ገና መንፈቋ ነው፤ በቢሻው ትከሻ ላይ አጎንብሳ ፊደሎቹን አንድ በአንድ አንብባ እስክትጨርስ ማንም አላቻኮላትም።

«ሕንዱስ?» አለ ቢሻው፣ ከአንገቱ ቀና ሳይል።

«መጥቶ ራሱ ቅሬ ልግባ ብሎ ይጠይቅ። ክርስቲያን ነው አይደል? የት እንደምንቀብረው ከመሞቱ በፊት ከቄሶቹ ጋር ይጨርስ። እኛ ጉድጓድ እንጂ ጠብ አንቆፍርም» አሉ አቶ አበጋዝ። አሁን ሳቁ ተመለሰ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ፈይዛ ከፊት ከፊት ሄደች። ራሕማ እያለከለከች ደረሰችባት። ቀኑን ሙሉ በቁጣዋ ውስጥ ደብቃ የያዘችው ተስፋ ነበር፤ አሁን መደበቅ አቃታት።

«እንግዲህ ትቀሪያለሽ?»

ፈይዛ ቆመች። ዓይኗ ቀልቷል። «አሳፈርሽኝ» አለች። ጥቂት ቆይታ የእናቷን ነጠላ ከትከሻዋ ላይ አስተካከለችላት። «እዚያ ሆኜ እቀጣለሁ፣ እማ።»



በሳምንቱ አሕመድኑር የሚባሉ የሠፈሩ አዛውንት ሞቱ። ሚስተር ኩሪያን ከቢሻው ጎን ቃሬዛውን በማያውቅበት ትከሻው ተሸክሞ፣ ጭቃው እያንሸራተተው፣ «ሚስተር፣ እርምጃህን አስተካክል!» እያሉ እየጮሁበት ቁልቁል ወረደ። ራሕማ የራሷን ውሃ አድርሳ የፈይዛን ድርሻ ለማድረስ ጀሪካኑን ለሁለተኛ ጊዜ ልትሞላ ወደ ምንጩ ተመለሰች። ሚስተር ኩሪያን የቅሬው ሰው ሆኖ መካነ ሰላም ቀረ። ፈይዛ ግን ከቀብሩ በፊት፣ ሰኞ ንጋት ላይ በደሴው ሚኒባስ ሄዳ ነበር።