በላብራቶሪ የተረጋገጠ መብራት

ታላቅ ወንድሜ ፀጉር አስተካካይ ነው። እጁ ወርቅ ነው፤ ጆሮው ግን ለምክር የተሠራ አይደለም። እኔ የሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። ከቁስልና ከጉሮሮ ከተወሰደ ናሙና ባክቴሪያ ሳበቅል እውላለሁ። ከቤተሰቡ ውስጥ ስለ ባክቴሪያ የሚያውቅ ሰው ካለ እኔ ነኝ። ይህን ለቤተሰቡ ማስረዳት ግን አስራ አንድ ዓመት ሙሉ አቅቶኛል።

አንድ ቅዳሜ ሱቁ ብቅ ስል ከመስታወቱ በላይ ክንድ የሚያህል ሐምራዊ መብራት ተሰቅሎ አየሁ። ከሥሩ አንድ ጢሙን የተላጨ ሾፌር ዓይኑን ጨፍኖ ፊቱን ቀና አድርጎ ተቀምጧል።

«ምንድን ነው ይሄ፣ ጋሼ?» አልኩት።

«አልትራቫዮሌት። ከተላጩ በኋላ ግማሽ ደቂቃ ሥሩ መቀመጥ ነው። ጀርም የሚባል ድራሹ ይጠፋል።»

«ይሄ እኮ ለዕቃ ነው፤ ለሰው አይደለም።»

«ጀርም ይገድላል አይገድልም?»

«ይገድላል፣ ግን…»

«በቃ።» ቶንዶሱን አንስቶ ወደሚቀጥለው ሰው ዞረ።

ጨረሩ ባክቴሪያንና የሰው ቆዳን ለይቶ እንደማያውቅ፣ ዓይን እንደሚጎዳ፣ ቆዳችን ላይ ከሚኖሩት ባክቴሪያዎች ብዙዎቹ ምንም እንደማያደርጉን፣ እንዲያውም ቦታውን ይዘው ክፉዎቹን እንደሚከለክሉልን ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ነገርኩት። «ዶክተሯ ዛሬ ተነስቶባታል» አለ ለደንበኞቹ። ሳቁ። ዶክተር አለመሆኔን ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። እሁድ ደውዬ ደገምኩለት፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። ማክሰኞ ሱቁ ሄጄ ደገምኩለት፤ ማሳያ አምጪ አለኝ።

እሺ፣ አመጣለሁ አልኩ። አለቃዬን አስፈቅጄ ባክቴሪያ የምናበቅልባቸውን ሦስት ክዳን ያላቸው ሳህኖች ይዤ ሄድኩ። መጀመሪያ የወንድሜን ክንድ በእርጥብ ጥጥ ጠርጌ አንደኛው ሳህን ላይ ቀባሁ። ከዚያ ዓይኑን በፎጣ ሸፍኜ ክንዱን ሁለት ደቂቃ መብራቱ ሥር አስቀመጥኩና ከዚያው ቦታ ለሁለተኛው ወሰድኩ። ሦስተኛውን በማግስቱ ወሰድኩ። ክንዱ በፀሐይ የተለበለበ መስሎ ቀልቶ ነበር። «አለርጂ ነው» አለ።

ሳህኖቹ ማሞቂያ ውስጥ ሁለት ሁለት ቀን ቆዩ። የመጀመሪያው ነጭና ቢጫ ነጠብጣብ ሞልቶታል። ሁለተኛው ላይ ሦስት ነጠብጣብ ብቻ ወጥቷል። ሦስተኛው እንደ መጀመሪያው ሙሉ ነው፤ ከፀጉር ሥር የተደበቁት ወጥተው በአንድ ቀን ቦታቸውን መልሰው ይዘዋል። ደስ አለኝ። ከዚህ በላይ ግልጽ ማስረጃ ከየት ይመጣል? ሦስቱንም ፎቶ አንስቼ «ቆዳህን አቃጠልክ እንጂ ያተረፍከው የለም» ብዬ ላኩለት።

በሳምንቱ ሱቁ ስደርስ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳህኖች ፎቶ የበር መዝጊያ አክሎ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ከአንዱ ሥር «በፊት»፣ ከሌላው ሥር «በኋላ» ይላል። ከላይ በቀይ «በላብራቶሪ የተረጋገጠ» ተብሎ ተጽፏል።

«ሦስተኛውስ?» አልኩት። ደሜ ፈልቷል።

«ግድግዳው አልበቃም።»

«ጋሼ፣ ይሄን አሁኑኑ አንሳው።»

«ለምን? ውሸት ነው? ያነሳሽው አንቺ አይደለሽ?»

ራሴ ልቅደደው ብዬ እጄን ስሰነዝር ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎች አጉረመረሙ። አንዱ ሽማግሌ «ልጄ፣ የሰው እንጀራ አይዘጋም» አሉኝ። ወጥቼ ሄድኩ። ከእንግዲህ የራሱ ጉዳይ ብዬ እጄን ታጠብኩ።

ሐሙስ ከሥራ ስወጣ እናቴ ደወለች።

«ዓይኔ ውስጥ አሸዋ የተበተነ ይመስለኛል» አለችኝ። «መግለጥ አቃተኝ። ፊቴም እጄም እየነደደ ነው።»

እየበረርኩ ሄድኩ። መጋረጃውን ዘግታ አልጋ ላይ ተቀምጣለች። ፊቷ ቲማቲም መስሏል፤ እንባዋ ያለማቋረጥ ይወርዳል። እጇን ማሳከክ ከጀመራት ዓመታት አልፈዋል። ለካ ያድነኛል ብላ ጠዋት ወንድሜ ሱቅ ሄዳ መብራቱ ሥር ሃያ ደቂቃ ያህል ተቀምጣለች።

«እማዬ፣ ለሰው አይሆንም ብዬ ስጮህ አልሰማሽም?»

«አንቺ ለእኔ መቼ ነገርሽኝ?» አለች። «ግድግዳው ላይ ላብራቶሪ አረጋግጧል ይላል። የልጄ ሥራ ነው ብዬ አምኜ ነው የተቀመጥኩት።»

ልክ ነበረች። ለእሷ ነግሬያት አላውቅም። ከወንድሜ ጋር ስጨቃጨቅ፣ ሳህን ስቀባ፣ ስናደድ፣ ስኮራ ከረምኩ እንጂ አንድ ቀን ደውዬ «እማዬ፣ እዚያ መብራት ሥር እንዳትቀመጪ» አላልኳትም።

ዓይን ሐኪሙ ጨረር የዓይኗን የፊት ገጽ እንዳቃጠለው፣ በሁለት ሦስት ቀን እንደሚሻላት ነገረንና ጠብታ አዘዘ። ወንድሜ ሐኪም ቤቱ በር ላይ ጠበቀን። እናቴን ደግፎ ታክሲ ውስጥ አስገባት። እኔን ቀና ብሎ አላየኝም።

በማግስቱ ሥራ ከመግባቴ በፊት ሱቁ ሄድኩ። ከኔ ቀድሞ ፎቶውን ከግድግዳው ልጦታል። መብራቱን ነቅሎ በጋዜጣ ጠቅልሎ «ውሰጂልኝ» አለኝ።

«ሥሩ የተቀመጡትስ ሰዎች?»

ስልኩን አወጣና ቆጠራቸው፤ አስራ ዘጠኝ ናቸው። ቅዳሜ ከሰዓት እናታችን ቤት ቁጭ ብሎ ለያንዳንዳቸው ደወለ፤ እኔ አጠገቡ ነበርኩ። ያ ሾፌር አፍንጫው ሁለቴ ተልጦ በፀሐይ አሳቦ እንደነበር ነገረው። የአንድ ተማሪ ደንበኛው እናት ለረጅም ጊዜ ጮኸችበት፤ ወንድሜም እስክትጨርስ «ልክ ነሽ» እያለ ሰማት።

ለሰባተኛው ሰው «መብራቱ ትንሽ ጠንከር ያለ ነበር» ብሎ ሲጀምር አላስችል አለኝ።

«ጠንከር ያለ አይደለም፤ ለሰው የማይሆን ነው። እንደሱ በለው።»

እናቴ ዓይኗን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍና ከአልጋዋ ላይ «ተዪው፣ በራሱ አፍ ይናገር» አለችኝ።

ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮው አዛወረና «ለሰው የማይሆን መብራት ነው ያስቀመጥኩህ» አለ። «እህቴ ነግራኝ ነበር፤ አልሰማኋትም።»

ከዚያ የስምንተኛውን ሰው ቁጥር መፈለግ ጀመረ።