የሐሙስ ውሃ

«ያልተጻፈ ውሃ በሕግ ፊት ደረቅ ነው» አለ ጡረተኛው ጠበቃ ሻዩን እያማሰለ። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል። ሰውየው ግን ማንኪያ ካላዞረ ነገር አይዞርለትም።

«ውሃው ማንበብ ቢችል ጥሩ ነበር ጋሼ» አለ ከበሩ ሥር የተቀመጠው ፀጉር አስተካካይ።

«አንተ ደግሞ ዝም በል። የለቅሶ ቤት መሆኑን አትርሳ።»

«ሕግ ያመጡት እርስዎ፣ ዝም የምለው እኔ!»

ልጅቷ ሁለቱንም የሰማቻቸው ከውሃ ሥር ሆና ነው። እንዲያ ነበር የሚመስላት። አባቷን አሥራ ዘጠኝ ቀን አስታማ ትናንት ቀብራለች፤ እንቅልፍ የሚባል ነገር ከዚህ ቤት ከወጣ ከርሟል። ብርሃኑ በመጋረጃው ተጣርቶ አረንጓዴ ሆኖ ይገባል። ግድግዳውን ተደግፈው የተቀመጡት ሰዎች እንደ ሸምበቆ አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ እያዘነበሉ ይንሾካሾካሉ። አንድ ሰው «ያጽናሽ» ሲላት ቃሉ ከአፉ ወጥቶ እሷ ዘንድ እስኪደርስ ይዘገይና፣ ሲደርስ ባለቤቱ ተነስቶ ሄዷል።

የሚንሾካሾኩበትን ግን ታውቃለች። ስለ መዝገቡ ነው።

አባቷ ወንዝ ለኪ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት በየማለዳው ወደ ድልድዩ ወርዶ፣ ከምሰሶው ጋር የታሰረውን ነጭና ጥቁር የብረት ዘንግ አንብቦ፣ የውሃውን ከፍታ በመዝገብ ያሰፍራል። ይኸው ነው ሥራው። ሰፈሩ «አቶ ልክ» ይለው ነበር፤ ሲወደውም ሲጠላውም በዚያው ስም። ለግማሽ ሴንቲሜትር ምሕረት የማያውቅ ሰው ነበርና።

ዘንጉ ላይ አራት ሜትሩን የሚያሳይ ቀይ መስመር አለ። የከተማው ደንብ አጭር ነው፦ ውሃው ለአንድ ቀን እንኳ ቀዩን መስመር ማለፉ ከተመዘገበ፣ ከድልድዩ በታች ያሉት አርባ ቤቶች ይፈርሳሉ፤ ሰዎቹም ከከተማው ጀርባ ወዳለው ሜዳ ይሄዳሉ። ሜዳው ላይ ነፋስ ብቻ ነው የሚኖረው። ዛሬ እዚህ ክፍል ውስጥ ከተቀመጡት አብዛኞቹ የአርባዎቹ ቤቶች ሰዎች ናቸው። የተቀመጡበትን ወንበር እንኳ ይዘው የመጡት ራሳቸው ናቸው፤ የአቶ ልክ ቤት አራት ወንበር ብቻ ነበረውና።

ሐሙስ ዕለት ውሃው አልፏል። ይህንንም ሁሉም ያውቃል። ሳይጠሩት ገብቶ፣ የአልጋውን እግር ልሶ፣ ሳይሰናበት ወጥቷል። እነሱም ወለላቸውን ጠርገው፣ ፍራሻቸውን አስጥተው ዝም አሉ። ዝም አይነቅዝም። የቀራቸው ጥያቄ አንድ ነው፤ አቶ ልክ ከመሞቱ በፊት ምን ጻፈ?

«ጽፎት ይሆን?» አለች አንዷ በስተግራ፣ በእጇ አፏን ከልላ።

«እሱ? የገዛ እናቱን ቁመት እንኳ ለክቶ የሚጽፍ ሰው!»

«ኧረ ነፍስ ይማር በይ።»

«ነፍስ ይማር፤ ግን ጽፎታል።»

ልጅቷ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ተቀምጣለች። እነሱ የማያውቁትን እሷ ታውቃለች። ለአባቷ ዋሽታዋለች።

በእነዚያ አሥራ ዘጠኝ ቀናት ዘንጉን ያነበበችው እሷ ነበረች። ዣንጥላ ይዛ ትወርዳለች፣ ታነባለች፣ ተመልሳ ትነግረዋለች፤ እሱ ትራስ ተደግፎ በሚንቀጠቀጥ እጁ ይጽፋል። እስክሪብቶውን አይሰጣትም ነበር። «ዓይንሽን ተውሼያለሁ፤ እጅ ግን አለኝ» ይላል።

ሐሙስ ማለዳ ዝናቡ ቆሞ ነበር። ጭጋጉ ወንዙ ላይ ተኝቷል፤ ወንዙም ከጭጋጉ ሥር እንደ ትልቅ እንስሳ ጀርባ ቀስ እያለ ያልፋል። ድምፅ የለውም። ይህ ነው ያስፈራት። ቀዩን መስመር በዓይኗ ፈለገችው፤ የለም። ጎንበስ ስትል ከውሃው ሥር ቀይ ነገር ተርገበገበ፤ ሊናገር የፈለገ ከንፈር ይመስላል። አራት ሜትር ከሰባት።

ከድልድዩ በታች ልብስ ሰፊዋ እስከ ጉልበቷ ውሃ ውስጥ ቆማለች። የስፌት መኪናዋን እንደ ሕፃን አቅፋዋለች። ልጅቷ በሰባት ዓመቷ እናቷን ካጣች ጀምሮ ያለበሰቻት ይህች ሴት ናት። ልጅቷ ከዘጠነኛ ክፍል «አስተማሪዎቹ ከእኔ አይበልጡም» ብላ ስትወጣ ሰፈሩ ሁሉ ሲስቅባት፣ «ጎሽ፣ እዚህ መስኮት ሥር ብርሃን አለ፣ አንብቢ» ያለቻት እሷ ብቻ ነበረች። ሽፋን የሌላቸውን፣ ከመንገድ ዳር የተገዙትን መጻሕፍት ሁሉ ያነበበችው በዚያ መኪና ኳኳታ ውስጥ ነው። ልብስ ሰፊዋ ቀና ብላ አየቻት። አልለመነችም።

ልጅቷ ቤት ገባችና «ሦስት ዘጠና ሰባት» አለች።

አባቷ እስክሪብቶውን እንደያዘ ቆየ። «ስንት?»

«ሦስት ዘጠና ሰባት፣ አባዬ።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። ከዚያ መዝገቡን ቀስ ብሎ ከደነው። «ደክሞኛል። ኋላ እጽፈዋለሁ።»

ዓርብን ጻፈ። ቅዳሜንና እሑድንም ጻፈ። ሰኞ ማለዳ ሞተ።

ከሰዓት በኋላ ሰው ቀነስ ሲል መዝገቡን ከትራሱ ሥር አውጥታ ገለጠችው። ረቡዕ፦ ሦስት ሰማንያ አንድ። ሐሙስ፦ ቀኑ ተጽፏል፤ ከጎኑ ምንም የለም። ዓርብ፦ ሦስት ዘጠና። ወደ ኋላ ገለጠች፣ ዓመቱን፣ ያለፈውን ዓመት፣ የዚያን በፊቱን። አንድም ባዶ የለም። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ የጣት ስፋት ያህል ባዶ ቦታ ያለው እዚያች ሐሙስ ላይ ብቻ ነው።

ያኔ ገባት። ሠላሳ አንድ ዓመት በወንዝ ድምፅ የተኛ ሰው ድምፁ ሲጠፋ ይሰማል። ውሃው የድልድዩን ቅስት ሲነካ የወንዙ ጉሮሮ ተዘግቶ ድምፁ ይጠፋል፤ ይህን እሱ ራሱ ነው የነገራት። አውቋል። ውሸቷን አልጻፈውም። እውነቱንም አልጻፈውም፤ በዓይን አላየውማ። አልተቆጣትም፣ አላጋለጣትም። ቦታውን ብቻ ተወላት።

ባዶው መስመር ላይ እያፈጠጠች ሳለ ክፍሉ እንደገና ጠለቀ። ከሥሩም ሌላ ቀን ተንሳፍፎ መጣ። ሰባት ዓመቷ ነው። ሁለት ሸክም አውራጆች ሲደባደቡ አንድ ሽማግሌ «በሕግ አምላክ!» ሲሉ የተሰነዘረው ጡጫ አየር ላይ ቀጥ ሲል አይታለች። ከዚያ የሚበልጥ ኃይል በዓለም ላይ ያለ አልመሰላትም። በማግሥቱ ወንዙ ሞልቶ ወደ ቆመችበት ድንጋይ ሲጠጋ እጇን ዘርግታ፣ በሙሉ ሳንባዋ፣ «በሕግ አምላክ!» አለችው። ውሃው አንድ ጫማዋን ይዞ ሄደ። አባቷ የኋላ ጥርሱ እስኪታይ ሳቀ። አንድ እግሯ ባዶ፣ በጀርባው አዝሏት ወደ ቤት ሲመለስም፣ «እሱ አልሰማሽም እንጂ ጥሪውስ ጥሩ ነበር» አላት።

ሌላ ቀን ደግሞ ተከተለ፤ የሕመሙ ሁለተኛ ሳምንት። ከአንዱ ሽፋን የለሽ መጽሐፍ ታነብለታለች።

«‹ሕግ ማለት ሰዎች አብረው ለመኖር የተስማሙበት ነው› ይላል።»

«ውሃው መቼ ፈረመ?»

«አባዬ፣ ይሄ የሰው ሕግ ነው። የውሃው ሌላ ነው።»

«እሺ፣ ሁለት ናቸው እንበል። የሰውን መጣስ ይቻላል፤ ለዚህ ነው ፖሊስ የሚቀጠርለት። የውሃውን መጣስ አይቻልም፤ ለዚህ ነው ዘበኛ የሌለው።» ሳል አቋረጠው፤ ሲተወው ቀጠለ። «ታዲያ ዝናብ እየወረደ፣ ተኝቼ ‹ሦስት ከሃያ› ብዬ ብጽፍ ማንም ሳያውቅብኝ፣ በየማለዳው ከብርድ ልብሴ ጎትቶ የሚያወጣኝ እሱ ምንድን ነው? የሰው ነው እንዳልል፣ ሰው አያየኝም። የውሃው ነው እንዳልል፣ መቅረት እችላለሁ። አንቺ ሰው፣ እስቲ መጽሐፉ ላይ ፈልጊልኝ።»

ፈለገች። ምዕራፉን ሁሉ አገላበጠች። «አላውቅም» ማለት ጥርስ እንደ መነቀል የሚያማት ልጅ ናት፤ «ገጹ ተቀዷል» ብላ ሸወደችው። እሱም «እሱ ገጽ ሁሌም እንደተቀደደ ነው» ብሎ ተኛ።

በሦስተኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ የውሃ መሥሪያ ቤቱ ሰው መጣ። ጫማው ረጥቧል፤ ፕላስቲክ አቃፊ በብብቱ ይዟል፤ ትሑት ሰው ነው። ከንፈሩን መጠጠ፣ ተቀመጠ፣ የተሰጠውን ሻይ ጨረሰ። ከዚያ መዝገቡን ተቀብሎ ገለጠና ጣቱ ሐሙስ ላይ ቆመ።

«እህቴ፣ ይቅርታ፤ በዚህ ሰዓት ማስቸገሬ ልክ አይደለም» አለ። «ግን ባዶ መስመር ይዤ መሄድ አልችልም። ወይ ቁጥር ይሁን፣ ወይ ‹አልተለካም› ይባል። ሁለቱንም እንቀበላለን።»

ክፍሉ በአንድ ሳንባ ተነፈሰ።

«አልተለካም!» አለ ጠበቃው፣ ማንኪያውን ጥሎ። «ታሞ አልነበረ እንዴ? አቤት! ሕጉ ራሱ በሩን ከፈተ።» ወደ ልጅቷ ጎንበስ አለ፤ ድምፁ ሳይታሰብ ለሰለሰ። «ልጄ፣ ውሸት እኮ አይደለም። መዝገቡ የእሱ ነው፤ እሱ ደግሞ አልለካም። እኔ እዚያ ታች ባለው ቤቴ ውስጥ ነው ሚስቴን ያገባሁት፣ እዚያው ነው የሸኘኋት። አንዲት ቃል ናት።»

አንዲት ቃል። እውነትን በስሱ የምትነካ፣ ማንንም የማታስከፋ ቃል። ልጅቷ ዙሪያውን ተመለከተች። ፊቶቹ ሁሉ በአረንጓዴው ብርሃን ውስጥ ቀና ብለው ይጠብቋታል። ልብስ ሰፊዋ ብቻ የገዛ እጇን ታያለች።

እስክሪብቶውን አነሳች። አባቷ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ያልሰጣትን ነው።

«ተለክቷል» አለች። «ያነበብኩት እኔ ነኝ። አራት ሜትር ከሰባት ነው። ለአባዬ ሦስት ዘጠና ሰባት ብዬ ዋሸሁት፤ እሱም እያወቀብኝ ሞተ።»

እሷ ጻፈች፤ ከጻፈችው ሥር «ያነበበችው ልጁ ናት» ብላ ጨመረች።

«ምን አደረግሽ አንቺ!» አለች አንዲት ሴት።

«ደንቡን ሰው ነው የጻፈው፤ ሰው ይፍቀው» አለች ልጅቷ። «ጋሼ፣ እርስዎ አርባ ዓመት ተሟግተዋል፤ ነገ ማዘጋጃ ቤት ሄደው ይሟገቱልን፣ እኔም ወረቀት ተሸክሜ እከተልዎታለሁ። ሜዳው ላይ ሳይሆን ሰው የሚኖርበት ቦታ ይስጡ ይበሉልን። ከውሃው ጋር ግን ማን ይሟገትልኛል? ‹አልተለካም› ብዬ ብጽፍ፣ የሚመጣው ዓመት ውሃ አንብቦት ይመለሳል?»

«ከላይ ተቀምጦ ማውራት ቀላል ነው» አለ ፀጉር አስተካካዩ። ይህን ሲል አልቀለደም። የአቶ ልክ ቤት ከድልድዩ በላይ ነው፤ እውነቱን ነው። «ታች ብኖር እጽፈው እንደሆነ አላውቅም» አለች።

የመሥሪያ ቤቱ ሰው አቃፊውን ዘግቶ፣ ማንን እንደሚሰናበት ግራ ገብቶት ወጣ። ከዚያ ሰዎቹ ተነሱ። መጀመሪያ አንዷ፣ ቀጥሎ ሁለት፣ ከዚያ ሁሉም። ወንበራቸውን እያነሱ ይወጣሉ። «ነገ ያስፈልገናል» አለ አንዱ፣ ያልጠየቀችውን። ጠበቃው በሩ ላይ ቆመ፤ ኮፍያውን ሁለቴ አዞረ። «አባትሽም እንዲህ ነበር፤ አስቸጋሪ» አለና ወጣ። ነገ ማዘጋጃ ቤት ይሂድ አይሂድ አልተናገረም። ክፍሉ ጎድሎ ጎድሎ ወለሉ ታየ፤ ሻይ የፈሰሰበት፣ ጭቃ የረገጠው፣ ሰፊ ወለል።

ልብስ ሰፊዋ ቀርታለች። ወንበሯን ገፍታ ወደ ልጅቷ ተጠጋች። ከዚያ «ተነሺ» አለች።

ልጅቷ ተነሳች።

«ይሄን ጥቁር ቀሚስ ከማን ነው የተዋስሽው? ሦስት ቀን ሙሉ እንደ ጆንያ ስትጎትቺው ዓይኔን አሳመመኝ። ቀጥ በይ።»

ወለሉ ላይ ተንበረከከች። ከደረቷ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ነቅላ በከንፈሯ ያዘች፤ የቀሚሱን ጠርዝ አጠፈች፣ ለካች፣ ወጋች።

«እትዬ» አለች ልጅቷ ወደ ታች እያየች። «ተቀይመሽኛል?»

ሴትየዋ አፏ ስፒል ሞልቶታል። ልጅቷን ወገቧን ይዛ፣ እንደ ድሮው ቀስ አድርጋ ወደ መስኮቱ አዞረቻት፤ ልጅቷም ዞረች። ስትዞር ቀሚሱ እግሯ ላይ ተጠመጠመ። እንዳትወድቅ እጇን በሴትየዋ ፀጉር ላይ አሳረፈች፤ ከዚያም አላነሳችውም። ልብስ ሰፊዋ ለአፍታ ስፒል መውጋቷን አቆመች። አንገቷን ቀና አላደረገችም። ከልጅቷ እጅ ሥር እንደሆነች፣ ቀጣዩን ስፒል ከከንፈሯ ወሰደች።