ከጥምቀት በኋላ እንሄዳለን

እኔ መንገድ አልወድም። ከአሰላ እስከ ናዝሬት በጭነት መኪና እየተንገጫገጩ አቧራ መቃምን ሽርሽር የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ ከነሱ ወገን አይደለሁም። ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ ሲንጀር ስፌት መኪናዬ አጠገብ ብውል አይሰለቸኝም። ስለዚህ በሃምሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ መስከረም ላይ፣ ጓደኛዬ ወልደ ሚካኤል «አዲስ አበባ ሄደን ቢራ ፋብሪካውን እንይ» ሲል፣ ከሦስታችን መካከል ያጉረመረምኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ነገሩ የመጣው ከልጁ ከመርሻ ነው። መርሻ እዚያ ፋብሪካ ጠርሙስ አጣቢ ሆኖ ከተቀጠረ ሁለት ዓመቱ ነበር። በየወሩ በሦስተኛው ጓደኛችን፣ በሾፌሩ በአብዶ እጅ ደብዳቤ ይልካል። አባቱ ዳዊት ይደግማል እንጂ የእጅ ጽሑፍ አይሆንለትም፤ የማነብለት እኔ ነኝ። በአንዱ ደብዳቤ ላይ መርሻ፣ ቢራው የሚጠመቅበት ገብስ ከባሕር ማዶ በመርከብ እንደሚመጣ ጻፈ። ወልደ ሚካኤል የያዘውን ጠላ ሳይጨርስ አስቀመጠ።

«ገብስ? በመርከብ? እኛ አርሲ ላይ ተቀምጠን?»

ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ በወይዘሮ አፀደ ጠላ ቤት ተቀምጠን ስለዚህ ጉዞ ማውራት ሆነ ሥራችን። ወልደ ሚካኤል ከማሳው ነጭ ገብስ በእጁ እየለቀመ በትንሽ ከረጢት ሊያጠራቅም፣ ለፋብሪካው አለቃ ሊያሳይ ቆረጠ። መርሻ ደግሞ ቢራውን ገና ጠርሙስ ሳይገባ ሊያስቀምሰን ቃል ገብቷል። በአብዶ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና እንሄዳለን፤ ጋቢናው ውስጥ መስኮቱን ይዞ የሚቀመጠው ማን ነው በሚለው ብቻ ሁለት እሑድ ተከራከርን። አብዶ አይጠጣም። ብርዙን ይዞ ያየናል።

«ወላሂ፣ ሥራዬን ተመልከቱልኝ» ይል ነበር። «ከሦስታችን የማይጠጣው እኔ፣ ቢራ ሊያዩ የሚሄዱትን ተሸክሜ የምነዳውም እኔ።»

የኅዳር ሚካኤል ማግስት አብዶ ሱቄ በር ላይ ቆመና ሞተሩን አጠፋ። አብዶ አሰላ ውስጥ ሞተር አያጠፋም ነበር፤ ያች መኪና አንዴ ከጠፋች ለማስነሳት ሦስት ሰው ትፈልጋለች። አንዲት የእንጨት ሳጥን ታቅፎ ገባና በሩን ከኋላው ዘጋው።

«መርሻ የለም» አለኝ።

ትኩሳት ነው አሉ። አራት ቀን ተኝቶ በአምስተኛው አረፈ፤ የሥራ ጓደኞቹ ቀበሩት። ሳጥኗ የሱ የልብስ ሳጥን ናት። መቁረጫ ጠረጴዛዬ ሥር ከተትኳት፣ ቁርጥራጭ ጨርቅም ደረብኩባት።

ወዲያው ወደ ወልደ ሚካኤል የንስሐ አባት ወደ መምሬ ኃይለየሱስ ሄድን። መምሬ መቋሚያቸውን ተደግፈው ሰሙን። የወልደ ሚካኤል ልጅ አባይነሽ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ከጮሌ፣ ከባሏ ቤት፣ ወደ አባቷ ቤት መጥታለች፤ ወሯ ገብቷል። መርሻና እሷ ደግሞ አንድ ጡት የተጋሩ መንታ ናቸው።

«ያ ቤት ዛሬ ቢያለቅስ ሁለት ሬሳ ነው የምናወጣው» አሉ መምሬ። «ሕፃኑ ክርስትና እስኪነሳ ሆድ ይፍጀው። ያን ጊዜ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ማልደን ሄደን እንነግራቸዋለን። ሰው መርዶ ሲሰማ የሚይዘው ሰው ያስፈልገዋል።»

እውነታቸውን ነው። ልማዳችንም ይኸው ነው። እስከዚህ ድረስ ማንንም አልወቅስም።

ችግሩ እሑድ ነው። እሑድ በመጣ ቁጥር ወልደ ሚካኤል ገብሱ ምን ያህል እንደደረሰ ሊነግረን ይመጣል። ስለ ጉዞው ድንገት ዝም ብንል ይጠረጥራል። አብዶ ዓይኑን ከብርዙ ላይ አያነሳም፤ ስለዚህ አፍ መሆን በኔ ላይ ወደቀ። መንገድ የማልወደው ሰው፣ ስንቁን የምቆጥረው፣ የት እንደምናድር የምናገረው እኔ ሆንኩ። «ከጥምቀት በኋላ እንሄዳለን» አልኩ፣ ቀኑንም የቆረጥኩት እኔ ነኝ።

«ፍሰሐ፣ አንተ አቧራ ጠላቴ ነው ስትል አልነበር? ምን ነካህ?» ብሎ ሳቀብኝ። ሲስቅ ፊቱ ልጁን ይመስላል። ስንቁን እንደገና መቁጠር ጀመርኩ።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። ለኔ አልቀለለም።

የታኅሣሥ የመጀመሪያው እሑድ ወልደ ሚካኤል ሳይስቅ መጣ።

«መርሻ ወር ዘለለ። ታሞ ይሆን?» አለና አብዶን አየው። አብዶ ሳል ያዘው።

መምሬ ያዘዙን ዝም እንድንል ነው። የሚቀጥለውን ማንም አላዘዘኝም። ያ ፊት እንዲህ ጠቁሮ ማየት አልቻልኩም፤ ፈራሁም። «ደብዳቤው መጥቷል እኮ፣ ሱቄ ነው ያለው» አልኩ።

ሱቅ ወሰድኩት። ከደብተሬ ውስጥ አንድ ታጥፎ የተቀመጠ ወረቀት አወጣሁ፤ የአንድ ፖሊስ ኮት ልክ የጻፍኩበት ነው። ወደ ብርሃኑ ዘወር ብዬ አነበብኩ።

«ይድረስ ለተከበሩ አባቴ ለአቶ ወልደ ሚካኤል። ለጤናዎ እንዴት ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው የዘገየሁት። ስለ ገብስዎ ለአለቃው ነግሬዋለሁ፣ ይዘው ይምጡ ብሏል። በር ላይ ቆሜ እጠብቅዎታለሁ።»

እንዴት እንደቀለለኝ ሳስበው ዛሬም አፍራለሁ። ልጁ ሲናገር እሰማው ነበርና ቃሉ አላጠረኝም። ወልደ ሚካኤል እዚያው ሳጥኗ አጠገብ ቆሞ ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠረገ። ወረቀቱን ተቀበለኝና ኪሱ ከተተው። ከሌሎቹ ደብዳቤዎች ጋር የሚያስቀምጠው መስሎኝ አልከለከልኩትም።

በሳምንቱ አባይነሽ ወንድ ልጅ ተገላገለች። እንኳን ማርያም ማረችሽ ልላት በሦስተኛው ቀን ሄድኩ። የወልደ ሚካኤል ሚስት የውብዳር በር ላይ ተቀበለችኝ፤ ደስታው ወጣት አስመስሏታል።

«ወልዴን አጣኸው» አለችኝ። «ትናንት ጠዋት ወደ ናዝሬት በሚወርድ መኪና ሄደ። መርሻ አራስ እህቱን እንዲጠይቅ ላምጣው ብሎ። እናንተንማ እስከ ጥምቀት ማን ይጠብቃል ነው የሚለው። ገብሱንም ይዟል።»

በምን ልከተለው? አብዶ አቦምሳ ጭነት ላይ ነበር፤ ቢኖርም አንድ ቀን ቀድሞናል። መምሬ ዘንድ ሮጬ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ደብዳቤ?» አሉኝ። «ደብዳቤ ማን አንብብ አለህ?»

ወደ ሱቄ ተመልሼ መንገዱን ሳይ ሰነበትኩ።

ወልደ ሚካኤል የተመለሰው ቅዳሜ ቀትር ላይ ነው። ቤቱ ሳይሄድ መጀመሪያ ሱቄ ገባ። ከረጢቷ ትከሻው ላይ ነበረች፣ አፏ እንደታሰረ። አወረዳትና ደንበኞች የሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ጋቢውን እንደ ሐዘንተኛ አላዘቀዘቀም። በዚህ ብቻ ለጥቂት ጊዜ ተስፋ አደረግሁ።

«ዘበኛው ማንን ፈልገው ነው አለኝ» ብሎ ጀመረ። «መርሻ ወልደ ሚካኤልን አልኩት። ኮፍያውን አወለቀ። ወር አለፈው እኮ፣ መርዶ አልነገሩዎትም አለኝ። ውሸታም ነህ አልኩት። ባለፈው ሳምንት የጻፈልኝ ኪሴ ውስጥ አለ፣ እንካ አንብብ አልኩት።»

ወረቀቱን አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው።

«አነበበልኝ። ትከሻ አርባ አራት። ደረት ዘጠና ስድስት። እጅጌ ስልሳ አንድ።»

«ወልዴ፣ ይቅር በለኝ» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል።

«የሚይዘኝ ሰው አልነበረም ፍሰሐ። ዘበኛው በሩን ትቶ መምጣት አይችል። ገብሱን አቅፌ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።» ከረጢቷን ወደ እግሩ አስጠጋት። «ዝም ማለታችሁን አልቀየምም። እኔም ብሆን ዝም እላለሁ። አንተ ግን ልጄን በር ላይ አቆምክብኝ። ከመኪና ከወረድኩ ጀምሮ እያንዳንዱን ልጅ እያየሁ ነው የሄድኩት።»

አለቀስኩ። እሱ አላለቀሰም። ከጠረጴዛው ሥር ጥጓን አይቶ ጎንበስ አለ፤ ጨርቁን ገለጠና እጁን ሳጥኗ ላይ አሳረፈ፤ አብዶ እንደወሰዳት ዘበኛው ነግሮታል። ከዚያ መልሶ ሸፈናት።

«ክርስትናው እስኪያልፍ እዚሁ ትቆይ» አለ። ከረጢቷን አነሳ፣ ወረቀቱን መልሶ ኪሱ አደረገ። «ተነስ፣ ቤት አድርሰኝ። ብቻዬን መግባት አልችልም።»

አብረን ሄድን። ቤቱ ስንደርስ በሩ ላይ ቆም ብሎ ትንፋሹን ሰበሰበ። የውብዳር የገንፎ ማማሰያ ይዛ ከጓዳ ብቅ አለች፤ ከኋላችን ሌላ ሰው ትፈልግ ነበር። አባይነሽ ከመጋረጃው ውስጥ ተጣራች።

«አባዬ፣ መርሻስ?»

«ፈቃድ ከለከሉት ልጄ» አላት። ድምፁ አልተሰበረም፤ ይህን ከየት እንዳመጣው አላውቅም። «ደብዳቤ ልኮልሻል። ጋሼ ፍሰሐ ያነብልሻል።»

ወረቀቱን ዘረጋልኝ። ቀና ብዬ አየሁት። ሊበቀለኝ ነው ብዬ ነበር፤ ዓይኑ ግን ይለምነኝ ነበር። ይህ ከበቀል የባሰ ነው። ተቀበልኩት።

«ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለአባይነሽ» ብዬ ጀመርኩ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ።»

መጋረጃው ውስጥ ሳቋን ሰማሁ። ወልደ ሚካኤል ገብሱን ወደ ጎተራ ልመልሰው ብሎ በጓሮ በር ወጣ። የውብዳር ማማሰያዋን እንደያዘች ቁጭ አለች። እኔም፣ አጎት መሆኑን ሲሰማ ጓደኞቹን ሁሉ እንደጋበዘ አነበብኩ፤ ሕፃኑ ማንን ይመስላል እንደሚል አነበብኩ፤ ከጥምቀት በኋላ አባቴንና ጓደኞቹን በር ላይ ሳይሆን ወደ ውስጥ አስገብቼ አስተናግዳለሁ እንደሚል አነበብኩ።

ከጎተራው በኩል የታፈነ ድምፅ መጣ። ድምፄን ከፍ አደረግሁ። ወረቀቱ ላይ ያለው ሦስት መስመር ነው፤ እኔ ግን እሱ ፊቱን ታጥቦ እስኪመለስ ድረስ አነበብኩ።