የአውሬው እናት

ይስማው ሰው አያምንም። ደብረ ማርቆስ ገበያ ጤፍ ሲገዛ እጁን እስከ ክርኑ ጆንያው ውስጥ ሰዶ ከታችኛው ዘግኖ ካላየ ዋጋ አይጠይቅም። ይህ ጠባዩ በእህል ንግዱ ጠቅሞታል፤ በልጅ ግን አልሆነለትም። ትልቁ ልጁ ወንድምአገኝ አባቱ ቦርሳውን በፈተሸበት ማግስት ቤቱን ለቆ ሄደ፤ ይኸው ድምፁም ጠፋ። የቀረችው አርሴማ ብቻ ናት። እሷም ከሄደች ምን እንደሚውጠው አያውቅም፤ ስለዚህ ይጠብቃታል።

አሁን ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት የምትሸሸግበት አገኘች፤ እዚያው ግቢ፣ የተከራይዋ የሄለን ክፍል። ሄለን ከአዳማ ተመድባ የመጣች የፊዚክስ መምህርት ናት፤ ትሑት፣ ሰላምተኛ። ይስማውን ያሳሰበውም ይኸው ትሕትናዋ ነው። ሰው ያለ ምክንያት እንዲህ አይሽቆጠቆጥም!

የዛሬ ቅዳሜ የአጥሩን ቆርቆሮ የሚመታ መስሎ መዶሻ ይዞ ከመስኮቷ ሥር ተጎለተ። ከውስጥ «አውሬው፣ አውሬው» ሲባል፣ ቀጥሎም አንዳች ነገር ጠረጴዛ ላይ ሲንከባለል ሰማ። ጠጠር ነው? ዕጣ ነው?

«ስሙ ማነው?» አለች ሄለን።

«ስሙን በኋላ እነግራችኋለሁ» አለች አርሴማ።

«የእናቱስ ስም?»

«ጥሩወርቅ።»

ይስማው መዶሻውን ጨበጠ። ጥሩወርቅ የሱ እናት ናት። ስምና የእናት ስም ጠይቆ ጠጠር የሚጥል ሰው ሥራው ምን እንደሆነ፣ ጎጃም ያደገ ሰው አይነገረውም። ድግምት የሚሠራው በእናት ስም ነው! የገዛ ልጁ፣ ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ አሳልፋ ሰጠችው። መዶሻውን እንደያዘ በሩን በርግዶ ገባ።

«የእናቴን ስም ለማን ነው የምትሰጭው?»

ሄለን፣ አርሴማና ሁለት የክፍል ጓደኞቿ ቆሎ እንደያዙ ክው አሉ። ጠረጴዛው ላይ ተራራና ወንዝ የተሳለበት ወረቀት ተዘርግቷል፤ ቁጥር የተጻፈባቸው፣ ብዙ ገጽ ያላቸው ዳይሶች ተበትነዋል።

«ጋሼ፣ ጨዋታ ነው» አለች ሄለን ብድግ ብላ። «አገር በምናባችን ፈጥረን፣ እያንዳንዳችን አንድ ሰው ሆነን እንጫወታለን። ዳይሱን የምንጥለው ያሰብነው ይሳካ እንደሆነ ለማየት ነው።»

«አውሬ አውሬ ስትሉ የሰማሁትስ?»

«አውሬ ዝም ብሎ ከዋሻ አይወጣም ብለን ሕግ አወጣን። ማን እንደወለደው፣ አውሬ ከመሆኑ በፊት ምን እንዳስፈራው ሳይነገር ጨዋታው ውስጥ አይገባም። ዛሬ አውሬ የማምጣት ተራው የአርሴማ ነው።»

ይስማው አላመነም። ወደ ልጁ ዞረ። «እሺ ንገሪኛ። ያንቺው ከየት መጣ?»

አርሴማ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሳ መለሰች። «ልጅ ሳለ እናቱ ደጀን ደርሼ መጣሁ ብላ መኪና ላይ ወጣች። አልተመለሰችም። ከዚያ ወዲህ የወደደው ሁሉ የሚጠፋበት ይመስለዋል። ልጆች ሲወልድ፣ እንዳይጠፉበት ብሎ ዋጣቸው። ክፉ ሆኖ አይደለም። የመጀመሪያው ሆዱን ቀዶ ወጣ።»

የደጀኑን ነገር ይስማው በዕድሜው አንዴ ብቻ ነው ያወራው፤ አርሴማ ታማ ሲያስታምማት። ቢቆጣ ይቀለው ነበር። ቁጣው ግን እምቢ አለው፤ አፈረ፣ አዘነም።

አንዱ ጓደኛዋ፣ «ታዲያ እንዴት ነው የምንገድለው?» አለ።

«አንገድለውም» አለች አርሴማ። «ሁለተኛዋ ልጅ ሳትቀደው ነው መውጣት የምትፈልገው። አፉን ራሱ ከፍቶላት።»

ይስማው መዶሻውን ወለሉ ላይ አስቀመጠ።

«ከወጣች በኋላ... ትመለሳለች?»

አርሴማ ቀና ብላ አየችው።

«እኔ እንጃ አባዬ። ገና መቼ ከፈተላት?»